የሐጃ ዘይነብ ጋን

ልጅ ሳለሁ መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኝ ነበር። ሱዳን ውስጥ በስደት በምንኖርበት በሳጃና ሰፈር መብራቱ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ሰማዩ በአቧራ እንደቀላ፣ ራት ሳይቀርብ ነበር፤ ያኔ አባቴ ፋኖስ ይለኩሳል፣ እናቴ ግቢው ውስጥ በተደረደሩት አልጋዎች ላይ አንሶላ ትዘረጋለች፣ ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴም ወንበራቸውን እየጎተቱ ይመጣሉ። አገር ቤት አስተማሪ ነበሩ፤ ከተሰደዱ ወዲህ ግን አል-ማንሺያ በሚባል ሰፈር የአንድ ሀብታም ቤት ይጠብቁ ነበር። ተረት ሲጀምሩ ግድግዳው የሚርቅ፣ ግቢያችንም የሚሰፋ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ምሽት በረሃ ውስጥ ስለጠፋ መንገደኛ ነገሩን። ሊሞት ሲል መልአክ መጥቶ ድንጋይ ላይ ትኩስ ዳቦ አኖረለት። በመጀመሪያው ቀን ሰውየው ተንበርክኮ አለቀሰ። በሁለተኛው ቀን አማትቦ በላ። በሳምንቱ ማማተቡንም ተወው፤ በወሩ ደግሞ መልአኩን ቆሞ ጠብቆ፣ «ዛሬ ምነው ዘገየህ? ደግሞስ ወጥ የለውም?» አለው። ጋሽ ወልዴ የሰውየውን ኩርፊያ ፊታቸውን አጨማደው ሲያሳዩን ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ። «እንዴት ያለ ውለታ ቢስ ነው!» አልኩ፣ ትልቅ ሰው መስዬ።

በማግስቱ እንደ ልማዴ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከሐጃ ዘይነብ ደጅ ቆምኩ። ሐጃ ዘይነብ ሱዳናዊት አሮጊት ናቸው፤ ከበራቸው ውጭ ኒም ዛፍ ሥር ሱዳኖች ዚር የሚሉት ትልቅ የውሃ ጋን አለ፣ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ይጠጣበታል። ውሃው በዚያ ሐሩር እንኳ ጥርስ ያማል። በጣሳ ቀድቼ ጠጣሁ፣ ሁለተኛውን ጣሳ አቧራ በጠጣው እግሬ ላይ አፈሰስኩት። ሦስተኛውንም። ቀና ስል ጋሽ ወልዴ ከመንገዱ ማዶ ቆመው ያዩኛል። አልተቆጡም። «ሰላሜ፣ ነገ ሲነጋጋ ቀስቅሼሽ አንድ ነገር አሳይሻለሁ» ብቻ አሉኝ።

ሲነጋጋ በራችን ላይ ቆመን አየን። የሰፈሩ ቧንቧ ውሃ የሚያገኘው በዚያ ሰዓት ብቻ ነበር፣ እሱም ያለው ከመንደሩ ጫፍ ነው። ሐጃ ዘይነብ ጀሪካን ተሸክመው፣ የሚያማቸውን ጉልበት እየጎተቱ፣ ሦስት ቦታ አርፈው መጡ። ጋኑ ውስጥ ገልብጠው ደግሞ ተመለሱ።

«ልጃቸውን አባይ ወስዶባቸዋል» አሉኝ ጋሽ ወልዴ ቀስ ብለው። «ውሃው ለነፍሱ ሰደቃ፣ ምጽዋት መሆኑ ነው።»

እኔ ጋኑ በራሱ የሚሞላ ይመስለኝ ነበር። ከዚህ በፊት አስቤበት አላውቅም። ከማፈሬ የተነሳ ያ ደጅ ለዘላለም የተዘጋብኝ መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ይቅርታዬን በአረብኛ እያጠናሁ ሄድኩ። ሐጃ ዘይነብ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። አፌን ከመክፈቴ ተነሡና ጣሳውን ሞልተው ዘረጉልኝ።

«አሽረቢ፣ ያ ቢቲ» አሉኝ። ጠጪ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ስጠጣ ጎንበስ ብለው እግሬን አዩና ፈገግ አሉ፤ «ዛሬስ ደረቅ ነው?»

ለካ ሁሌም ያዩኝ ነበር። እያዩኝ ነበር የሚሞሉት።

ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ጸጋ ያለ ዋጋ ተሰጠን ሲባል አሜን እላለሁ፣ ያለ ዋጋ የሆነው ግን ለእኔ እንጂ ለሰጪው እንዳልሆነ አልረሳም። አንዳንድ ማለዳ ብዙ ልለምን ለጸሎት እቆማለሁ፤ ፈጣሪ እያየኝ ስንቱን ዘመን እንደሰጠኝ ሳስበው የምለምነው ይጠፋብኛል። ተመስገን ብዬ እቀመጣለሁ።