ለእታለም ጣሪያ የገዛሁት ሶላር

ከድሬዳዋ የወጣሁ ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር። ታላቅ እህቴ እታለም ሻማ ይዛ እስከ በር ሸኘችኝ፤ ፊቷን እንኳ ደህና አድርጌ ሳላየው ሄድኩ። ሱዳን፣ ሊቢያ፣ ባሕሩ... ያለፈበት ያውቀዋል፤ ደክሞኛል፣ አልደግመውም።

አሁን ለንደን፣ ስትሪትሃም ነኝ። እዚህ መብራት አይጠፋም፤ የምትጠፋው ጸሐይ ናት። እዚያ ደግሞ ጸሐዩ አናት ይበሳል፣ መብራቱ ይሄዳል፣ የእታለም የስኳር መድኃኒት ፍሪጅ ውስጥ ሞቆ ይበላሻል። ባለፈው ሁለት ቀን ጠፍቶ የተበላሸውን ተወግታ ሆስፒታል ገባች። ከዚያ ወዲህ እኔም ሰው አይደለሁም።

ከታች የሚኖረው ሻንቲላል ህንድ ነው፣ የጃይፑር ሰው። አገሩ እንደ ድሬ ያቃጥላል። "ወንድሜ ጣሪያው ላይ ሶላር ደርድሮ ፍሪጁም ቬንትሌተሩም በጸሐይ ነው፤ የተረፈውን ለመብራት ኃይል ይሸጣል" አለኝ። የእኛስ ጸሐይ ከነሱ ታንሳለች? ብዬ ለመጀመሪያ አንድ ያገለገለ ሶላር ገዛሁ። ሳልሞክር አልልክም ብዬ በጥር ብርድ ከመስኮቴ ውጭ አሰርኩት። ሦስት ቀን ሙሉ አንዲት አምፖል አላበራም።

የአከራዩ ሠራተኛ መጣች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ጸሐይ የሚለቅም ነው።"

ቀና ብላ ሰማዩን አየች። "የቷን ጸሐይ?"

"እኔም እሷን ስጠብቅ ሃያ ዓመቴ።"

"ያውርዱት። ከፈለጉ ለፈቃድ ኦንላይን አፕላይ ያድርጉ።"

"ለመስኮቱ ነው ለጸሐይዋ?"

አልሳቀችም። አወረድኩት።

ሻንቲላል ግን እስኪያስለው ሳቀ። "አንተ ሰው፣ በለንደን ጥር ሶላር ይሞከራል? እቃው ደህና ነው፣ ላከው። ብቻ ጣሪያው ላይ ጥላ እንዳይኖር።"

ደወልኩ። "እታለም፣ ጣሪያሽ ላይ ጥላ አለ እንዴ?"

"የኒሙ ዛፍ አለ አይደል! ቆርቆሮውን እንዳለ ሸፍኖታል።"

"አስቆርጪው።"

"አበድክ? በሙቀቱ ወር ጎረቤቱ ሁሉ አልጋ አውጥቶ ከሥሩ ነው የሚተኛው። እኔስ የት ልተኛ?"

"ቬንትሌተር ይኖርሻል። ነፍስሽ ይሻላል ዛፉ?"

"መድኃኒቱን እንስራ ውስጥ አቀዘቅዘዋለሁ። ዛፌን አትንካብኝ።"

"እኔ ወንድምሽ እየለመንኩሽ? ከኔ ዛፍ በለጠብሽ?"

ቀስ ብላ፣ "እሱ ጥሎኝ አልሄደም" አለችኝ።

ሶላሩ እስካሁን አልጋዬ ሥር ነው። ሻንቲላል ደረጃው ላይ ባገኘኝ ቁጥር፣ "ዛፉ ተቆረጠ?" ይለኛል።

"ነገ እደውላለሁ" እለዋለሁ።