የማክቫላ የዱባ ሾርባ

ዜስታፖኒ ከተማ ውስጥ ባለው መዋዕለ ሕፃናት የወጥ ቤት ሠራተኛዋን የማክቫላን እጅ የማያውቅ ልጅ የለም። ቆስጣ አልበላም ብሎ ወለል ላይ የሚንከባለለውን ሁሉ፣ ቆስጣውን ዋልነት ከሚባለው ለውዝ ጋር ፈጭታ፣ አድቦልቡላ፣ የሮማን ፍሬ ጣል አድርጋበት ሳህኑን ታስልሰዋለች። እናቶቹ «ምን አስነክተሽው ነው? ቤት እኮ አፉን አይከፍትም» እያሉ ይቀኑባታል። እሷም ትኮራለች፤ መኩራትስ ሲያንሳት ነው። በልጅነቷ፣ መብራት ጠፍቶ ዳቦ በሰልፍ በሚገኝበት በዚያ ክፉ ዘመን፣ እናቷ «እኔ በልቻለሁ» እያለች ድርሻዋን ትሰጣት ነበር። ከዚያ ወዲህ የተራበ ልጅ ማየት አይሆንላትም።

እንዲህ ያለችውን ሴት የገዛ ልጇ እምቢ አለቻት። ነስታን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ጁዶ ትጫወታለች፤ ጎበዝ ናት። አሰልጣኟ ጉራም፣ አርባ ስምንት ኪሎ ሆና ካልተወዳደረች ብሔራዊ ቡድን የመግባት ነገር አይታሰብም ብሎ ቁርጡን ነገራት። ነስታን መጀመሪያ ዳቦ ተወች፣ ቀጥሎ አይብ፣ ቀጥሎ ሥጋ። ጉንጯ ገባ። ማበጠሪያዋ ፀጉር በፀጉር ሆነ። የወር አበባዋም ቀረ። እናቷ ብትለምናት፣ ብትቆጣት መልሷ አንድ ነው።

«እማ፣ ተይኝ በቃ። እኔ እንደምታጎርሻቸው ሕፃናት ነኝ እንዴ?»

ማክቫላ ጉራም ዘንድም ሄዳ ነበር። እሱ ግን «ካልባቶኖ ማክቫላ፣ ወይዘሮዬ፣ እርስዎ ድስትዎን ያማስሉ፤ ሻምፒዮኑን ለእኔ ይተዉት» ብሎ ሳቀባት። ደሟ እየፈላ ተመለሰች።

ማታ ማታ ነስታን የምትቀምሰው በውሃ የተቀቀለ የዱባ ሾርባ ብቻ ነበር። ማክቫላ ሆዷ አልችል አለና አንድ ቀን ዋልነት አድቅቃ፣ ቅቤ አቅልጣ ሾርባው ውስጥ ደበቀችው። ልጅቷ ጠጣች፤ ምንም አላለችም። ማክቫላ ጓዳ ገብታ በደስታ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ሥራዬ ብላ ያዘችው። ልጅቷ ግን ይባስ ብላ መክሳቷን ቀጠለች። ማክቫላ ግራ ቢገባት ዋልነቱን ጨመረች።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት፣ ኩታይሲ ከተማ፣ የስፖርት አዳራሹ መልበሻ ክፍል ውስጥ ነስታን እናቷ ባለችበት ሚዛን ላይ ወጣች። ሁለት መቶ ግራም ትርፍ። ክብደት መዝጋቢዋ ሰዓቷን አየች። ነስታን ከትናንት ጀምሮ ውሃ ባፏ አልዞረም፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ወፍራም ጃኬት ደርባ ደረጃውን ስትወጣና ስትወርድ ቆይታ ተመልሳ ወጣች። ሚዛኑ ፈቀቅ አላለም።

«ፀጉሯን ቁረጡት!» አለ ጉራም ከበሩ ውጭ ሆኖ። «ጊዜ የለም።»

ነስታን መቀስ አምጥታ ለእናቷ ሰጠቻትና ጀርባዋን አዞረች። ማክቫላ ጉንጉኑን ስታነሳው ከሥሩ የልጇ የአንገት አጥንት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ፈራች፤ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ያ ሁለት መቶ ግራም የራሷ የእጅ ሥራ መሰላት።

«የኔ እናት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «ሾርባሽ ውስጥ ዋልነትና ቅቤ እጨምር ነበር።»

ነስታን አልዞረችም። «አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ከመጀመሪያው ማታ ጀምሮ አውቃለሁ። ምላስ የለኝም እንዴ? ከእራት በኋላ ሻወር የምገባው ለምን ይመስልሻል? ውሃውን ከፍቼ አስመልሰዋለሁ።»

ማክቫላ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺስ ነገርሽኝ?»

ጉራም በሩን ደበደበ። «ቆረጣችሁ?»

ማክቫላ በሩን ከፍታ መቀሱን አስታቀፈችው። «ባቶኖ ጉራም፣ ጌታዬ፣ ዛሬ አትጫወትም። ከዚህ ወጥተን ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው።»

«ሴትዮ፣ የልጅቷን ዕድል እየዘጋሽ ነው!»

«ልዝጋው።»

ነስታን «አታውቂልኝም! ምንም አታውቂልኝም!» ብላ ጮኸችና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ ለልቅሶ ተጨማደደ፤ እንባ ግን አልወጣትም። ሰውነቷ ውስጥ የሚያነባ ውሃ አልነበረም።

ኮሪደሩ ላይ ማክቫላ ውሃ በትንሽ በትንሹ አጠጣቻት። ቆይታም ከቦርሳዋ የበቆሎ ቂጣ አወጣች። ነስታን ቂጣውን አገላብጣ አየችው።

«ውስጡ ምን አለ?»

ማክቫላ «ምንም፤ ብዪ ዝም ብለሽ» ልትል ነበር፤ ተወችው። ቂጣውን ለሁለት ገምሳ ከፍታ አሳየቻት።

«በቆሎ፣ ጨው፣ ውሃ። መሃሉ ላይ አይብ አለ። ካልፈለግሽ አውጪው።»

ነስታን አይቡን በጣቷ አውጥታ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ የቂጣውን ጫፍ ነክሳ ማኘክ ጀመረች። ማክቫላ አይቡን አየችው፤ እንዳታነሳው እጇን ጭኖቿ መሃል ወሸቀች።