የጋሽ ተሰማ መኪና የቆመችበት ቀን

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም፣ ለእናቴ አልነገርኩም፤ ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ ለነፍስ አባቴ አልነገርኩም። በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የሻርኩትን ጾም ሁሉ ስዘረዝር ኖሬአለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ። አሁንም ቢሆን ተረጋግቼ መጻፍ አልሆነልኝም፤ ሁለት መስመር እጽፍና እነሳለሁ፣ በር እከፍታለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ፣ ደግሞ እቀመጣለሁ።

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ደብረ ብርሃን ነው። የአውራጃው ገዥ የጣሊያን ጊዜ መኪኖች ተበታትነው ሳያልቁ ሕዝብ ይያቸው አሉና ከከተማው ዳር ባለው ሜዳ ላይ የአሮጌ መኪና ትርኢት እንዲደረግ አዘዙ። ደንቡ ቀላል ነበር። መኪናው ጣሊያን ሳይወጣ የገባ ይሁን፣ ከፊት በሚሽከረከረው ብረት፣ በማኖቬላ ተነስቶ ሜዳውን ሦስት ጊዜ ሳይቆም ይዙር። ቀድሞ የጨረሰው ሾፌር ከገዥው እጅ ጥቁር በርኖስ ይለብሳል። ከጫጫ፣ ከደነባ፣ ከጎረቤላ ሳይቀር ሰው ጎረፈ። መኪና ሲሄድ እንጂ ቆሞ ለመታየት ሲታጠብ ያየ ስላልነበረ ሁሉም እየዞረ ይነካካ፣ በመስተዋቱ ፊቱን ያይ፣ ይስቅ ነበር።

ባሌ አስፋው የአንድ የአልዩ አምባ ነጋዴ የጭነት መኪና፣ ትሬንታ ኳትሮ ይነዳ ነበር። ጋሽ ተሰማ ደግሞ የራሱ ባሊላ ነበረችው፤ ትንሽ፣ ጥቁር፣ እንደ ሰዓት የምትሠራ የቤት መኪና። አስፋውን መንዳት ያስተማረው እሱ ነው። ልጄ የታመመች ጊዜ ሐኪም ቤት ያደረሰልን እሱ ነው። ታዲያ ምን በድሎኝ ነው? ምንም። ከተማው ባሌን «የተሰማ ተማሪ» እያለ መጥራቱ ብቻ ነበር የሚያንገበግበኝ። አሥር ዓመት ነድቶም ተማሪ! አስፋው ራሱ ሲጠሩት ይስቃል፤ የማልስቀው እኔ ነበርኩ።

ሌላም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ከትርኢቱ ሁለት ዓመት በፊት ጋሽ ተሰማ ወደ አንኮበር ሲወርድ፣ ጎረቤላ ሳይደርስ ካለው ቁልቁለት ላይ መኪናዋ ተንሸራታ አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ደምሴ ሞተ። የሟች ወንድም «ሰክሮ ነው የገደለብን» አለ። ደም ሊፈስ ሆነ። በመጨረሻ ጋሽ ተሰማ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ፣ መስቀል ይዞ፣ «ያን ቀን መጠጥ በአፌ ዞሮ ከሆነ እግዜር በዚችው መኪናዬ ያዋርደኝ» ብሎ ማለ። መሐላው በቂ ነበርና እርቅ ወረደ። ይህን መሐላ እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሳልሰማ ያደረግኩት እንዳይመስላችሁ።

በትርኢቱ ቀን ጠዋት ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ነበር። በእኛ አገር ብርድ አሮጌ ሞተር ዝም ብሎ አይነሳም፤ ራዲያተሩ ውስጥ ሙቅ ውሃ ይጨመርበታል። ያን ውሃ አፍልተን የምናመጣው የሾፌር ሚስቶች ነን። የአስፋውን መኪና አጠጥቼ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ግማሽ ያህል ቀረኝ። ጋሽ ተሰማ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ሲወለውል ቆየና ካህናቱ ሲመጡ አየ።

«አስካለ፣ አባን ተሳልሜ ልምጣ። መኪናዬን አደራ» አለኝ።

«ሂድ ጋሼ፣ እኔ አለሁ» አልኩት።

አለሁ አልኩት! የባሊላ ቤንዚን መያዣ እዚያው ሞተሩ ዘንድ ነው። ክዳኑን ከፈትኩ። ውሃውን ጨመርኩ። ክዳኑን መልሼ አጠበቅኩት፤ በነጠላዬ ጫፍም ጠረግኩት። መሐላው ያኔ ትዝ አላለኝም ልበላችሁ? ስንት ጊዜ ለራሴ እንዲህ ብያለሁ። አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ባሌ አንድ ቀን እንዲቀድም ፈልጌ ነበር።

ከውድድሩ በፊት መኪኖቹ ሁሉ ሞተራቸው ተነስቶ ጠበል እንዲረጩ ተደረገ። የጋሽ ተሰማ ባሊላ በመጀመሪያው የማኖቬላ ምት ተነሳች። ልቤ ወደቀ፤ ውሃው ምንም አላደረገም ብዬ። ለካ ቱቦው ውስጥ የቀረ ቤንዚን ነበራት። አባ ወልደ ማርያም፣ የነፍስ አባቴ፣ ተራዋ ደርሶ ጠበሉን ሲረጩባት ሁለት ጊዜ ሳለችና ቀጥ አለች። ሰው ሳቀ። ጋሽ ተሰማም ሳቀ። ማኖቬላውን ደጋግሞ መታ፤ አልተነሳችም። ላብ አጠመቀው። ቱቦዋን ሲፈታ መዳፉ ላይ ውሃ ተንጠባጠበ። አሸተተው። ቀመሰው። ከዚያ የቤንዚኑን ክዳን አየ፤ ጥብቅ ብሎ ተዘግቷል።

«ጠበሉ ነው» አለ አንድ ሰው። «በተዘጋ ብረት ገባ!»

የደምሴ ወንድም ከሕዝቡ መካከል ወጥቶ «መሐላው ያዘው!» ብሎ ጮኸ። አባ ወልደ ማርያም እንባቸው ወረደ፤ አማተቡ፤ ሴቶቹ ተንበረከኩ። እኔስ? እኔም ተንበረከክኩ። ባዶውን ማንቆርቆሪያ በነጠላዬ ሸፍኜ። ትንሽ ቆይቶ አስፋው ሦስቱንም ዙር ቀድሞ ጨርሶ በርኖሱን ለበሰ። ሲለብስ ዓይኑ የፈለገው ጋሽ ተሰማን ነበር፤ አላገኘውም።

እስካሁን የነገርኳችሁ ክፋት ነው። የሚከተለው ግን ስም የለውም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከሰዓት፣ አስፋው መንገድ ላይ እያለ ጋሽ ተሰማ ቤቴ መጣ። ከስቶ ነበር። ሰው ሰላምታ ነሥቶታል፣ ማኅበርተኞቹ ጽዋ ከልክለውታል፣ የደምሴ ወንድም እርቁ ፈርሷል እያለ ይዝታል። አልቀመጥም አለ። በሩ ላይ እንደቆመ ጠየቀኝ።

«አስካለ፣ ደምሴ የሞተ ዕለት ቁርስ የበላሁት እዚህ ነው። ከአንቺ በቀር ሰው አልነበረም። ምን ጠጣሁ? እኔ አልጠጣሁም ብዬ ነበር። እግዜር ግን አይዋሽም። ረስቼው ይሆን እንዴ?»

አልረሳሁም። ዛሬም አልረሳሁም። ጠላ ልቀዳለት ስል ብርጭቆውን በመዳፉ ከድኖ «ዛሬ ቁልቁለት ወራጅ ነኝ፣ ሻይ ይበቃኛል» ነበር ያለኝ። ይህን ብቻ ብናገር ይበቃው ነበር። የውሃውን ነገር ሳላነሳ፣ ራሴን ሳላጋልጥ፣ አንዲት ቃል! ግን አልጠጣህም ካልኩት «ታዲያ ውሃው ከየት መጣ?» ይላል ብዬ ፈራሁ። ሰው ከዚያ በኋላ ማን አጠገቧ ነበር ብሎ ይጠይቃል ብዬ ፈራሁ።

«ኧረ ጋሼ፣ ረሳሁት እኮ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «እኔም ረስቼው ነው እንግዲህ» ብሎ ሄደ።

በሳምንቱ እሑድ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ በደምሴ ቤተሰቦች ፊት ወደቀ። ሰክሬ ነበር አለ፤ በሐሰት ምዬአለሁ አለ። ያልሠራውን ኃጢአት በሰው ሁሉ ፊት ተናዘዘ። የደምሴ ወንድም ድንጋዩን አወረደለት፤ ሽማግሌዎች መረቁ፤ ሴቶች እልል አሉ። እኔም እልል አልኩ። ድምፄ ከሁሉም ይሰማ ነበር።

ባሊላዋን ለደምሴ ልጆች ሰጠ። መሪ ዳግመኛ አልያዘም። አንኮበር ገብቶ በእግሩ ሲሄድ ኖረ፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶም ሞተ። አስፋው በርኖሱን እስኪያረጅ ለብሶ፣ ምንም ሳያውቅ፣ እሱም አረፈ። አባ ወልደ ማርያምም ያን ተአምር በየበዓሉ ሲሰብኩ ኖሩ። ገና ሲጀምሩት ፊታቸው ይበራል። ለኚህ ሰው ነው የምናዘዘው? «አባ፣ ያለቀሱለት ተአምር የእኔ የማንቆርቆሪያ ውሃ ነው» ብዬ? ይኸው ሰበቤ። ሰበብ መሆኑን ግን አውቃለሁ። ሌላ ካህን ሞልቷል፣ እግርም ነበረኝ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ሊለኝ የሚችለው አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ራሱን በዳይ አድርጎ ሞተ። ወጣት ነበርኩ፣ ባሌን ወድጄ ነው፣ እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው፣ ይህ ሁሉ ምንም አያወጣኝም።

የጋሽ ተሰማ ልጅ ጫጫ ትኖራለች። ሰው ከኋላዋ የሰካራሙ ልጅ ይላታል። ገበያ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር እየሮጠች መጥታ ትከሻዬን ትስማለች። አባቷ ሳይሞት ነግሯት ኖሮ «እትዬ አስካለ፣ በአባቴ ላይ ክፉ ያልተናገሩ እርስዎ ብቻ ነዎት» ትለኛለች።

እውነቷን ነው። እኔ ምንም አልተናገርኩም።