መተማን በጃርት የሰጠው ሰው

አዛናው ማሽላ ሲያበቅል እጁ ወርቅ ነበር፤ እንቆቅልሽ ሲጠየቅ ግን ጭንቅላቱ ድንጋይ። በዚያ በጣሊያን ጊዜ ከመተማ ዳር ያለው ማሳው ባሸተ ቁጥር፣ ከጎረቤቱ ከፈረደ ጋር ማማ ላይ ወጥተው ወፍ እየጠበቁ ይጠያየቁ ነበር። የፈረደ እንቆቅልሽ መልሱ ሁሉ ጥርሳም ነው፤ አይጥ፣ ፍልፈል፣ ጃርት። አዛናው እነዚህኑ ከማሳው ሲያባርር ይውላል፤ በእንቆቅልሽ ሲመጡበት ግን አንዳቸውንም አያውቃቸውም።

«እንቆቅልህ!»

«ምን አውቅልህ።»

«መርፌ ተሸክሞ ይዞራል፤ ልብስ ግን ሰፍቶ አያውቅም።»

አዛናው ራሱን አከከ፤ ወፉንም ረሳው። «ነጋዴ?»

«ጃርት ነው እንጂ! በል አገር ስጠኝ።»

የተሸነፈ አገር መስጠት ግዴታው ነው። ጎንደርንና ሽንፋን ፈረደ ቀደም ብሎ ወስዷቸዋል። «እንግዲያ መተማን ውሰድ!» አለ አዛናው ተናዶ።

ፈረደም እንደ ደንቡ ፎከረ። «መተማ ገብቼ፣ በሹሙ ወንበር ተቀምጬ፣ አዛናውን ዝንብ እሽ በልልኝ ብዬ...»

በማማው ሥር የሚያልፍ ባንዳ ጆሮው ቆመ። ጨዋታውን ሳያውቀው ቀርቶ እንዳይመስላችሁ፤ ወሬ ካላመጣ ዱቄት አይሰፈርለትም።

በማግስቱ አዛናው የጣሊያኑ ሹም ፊት ቀረበ። አስተርጓሚው ጠየቀው፤ «መተማን ለማን ሰጠህ?»

«ለፈረደ፣ ጌታዬ።»

«በምን ሥልጣንህ?»

«ጃርትን ባላውቀው ጊዜ ነዋ!»

አስተርጓሚው ሳቁን በሳል ሸፍኖ ጨዋታውን አስረዳ። ሹሙ ግን ለጨዋታም ቢሆን ከተማዋ በሰው እጅ መግባቷ አልዋጥ አለው። ከፈረደ ላይ እስኪያስመልሳት ይታሰር ተባለ።

ሚስቱ አሰበች ስንቅ ይዛ መጣች። «ከታች ጃርቱ ገብቷል፣ ከላይ አይጡ። እኔ በየትኛው ጫፍ ልቁም?» አለችው። የዓመት ቀለባቸው እዚያ ማሳ ላይ ቆሟል። አዛናው ግድግዳውን በጡጫ መታው።

አሰበች ፈረደን ለምና አመጣችው። «አያ ፈረደ፣ ዛሬን ብቻ ይሸነፉልን።»

«ምን ገዶኝ» አለ።

ሹሙ ፊት ቆሙ። አዛናው ጀመረ። «እንቆቅልህ!»

«ምን አውቅልህ።»

«ጎተራው የኔ፣ በላተኛዋ እሷ።»

«አይጥ!»

«አንተ ሰውዬ!»

«አመለጠኝ እኮ! አንተስ ምነው እንዲህ ቀላል ትጠይቃለህ?»

አዛናው ላብ አጠመቀው። «ብርሃን ሳታይ መንገድ ትቀይሳለች።»

«ፍልፈል!» አለ ፈረደ፤ ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ። ሹሙ ጠረጴዛውን ደበደበ።

አዛናው ሦስተኛ እንቆቅልሽ የለውም። ያችኑ የአይጧን ገለባብጦ ጠየቀ። ፈረደ አፉን ሊከፍት ሲል አሰበች የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ ወተፈችበት።

«አላወቁም!» ብላ ጮኸች።

ፈረደ በጨርቁ ውስጥ ተንፈራገጠ። አስተርጓሚው ፈጠን ብሎ «አላወቀም» ሲል ለሹሙ ነገረ።

«መተማን መልስ!» አለ አዛናው። ፈረደ ዓይኑ እንባ አቅርሮ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። አዛናውም ተፈታ።

ማሳው ሲደርሱ ከታችኛው ወገን ግማሹ ወድቋል። ጃርቱ አገዳውን ከሥሩ እየቆረጠ ዛላውን በልቶ፣ የቀረውን ረጋግጦታል። አዛናው ማጭዱን አነሳ። ፈረደም አጠገቡ ጎንበስ ብሎ ማጨድ ጀመረ።

«ያችን የመጨረሻዋን እኮ አውቄያት ነበር» አለ።

«እጨድ!» አለው አዛናው።