የቱቦዋ እመቤትና የወንድሟ እግር

ሐሜት አይሁንብኝና፣ ከላቦራቶሪያችን ሠራተኞች ምሳዋን ለብቻዋ የምትበላ እሷ ናት። ሃያ ዓመት ሙሉ ከፍሳሽ ቱቦ ውኃ እየቀዳች፣ ባክቴሪያ የሚበላ ቫይረስ ትፈልጋለች። «የቱቦዋ እመቤት» ያልናት እኛው ነን። ስትገባ አፍንጫችንን እንይዛለን፤ እሷም ለወጉ ፈገግ ትላለች።

ዘንድሮ የታናሽ ወንድሟ እግር ቆሰለ። በአባታቸው ቀብር ማግስት እንደተኳረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ቁስሉ ውስጥ የገባው ባክቴሪያ የመድኃኒቱን ዓይነት ሁሉ ናቀ። ሐኪሙ፣ «የሚበላው ቫይረስ እስከ ሐሙስ ካገኘሽ እንሞክራለን፤ አለዚያ እግሩ ይቆረጣል» አላት።

የቁስሉን ባክቴሪያ ሳህን ላይ ዘርታ፣ የፍሳሹን ውኃ አጣርታ ጠብ ጠብ አደረገችበት። በማግስቱ ጠብታው ያረፈበት ሁሉ፣ ነጩ የባክቴሪያ ምንጣፍ ብል እንደበላው ብርድ ልብስ ተበስቷል። ቫይረስም ሲበላ እንዲሁ ነው የሚበሳው።

የሙያችን ሕግ ግን አንድ ነው፦ ከቀዳዳው ቆንጥረህ፣ በብዙ ውኃ አቅጥነህ፣ አዲስ ሳህን ላይ ድገም። ቫይረስ ከሆነ ተራብቶ ዳግም ይበሳል፤ ሌላ ነገር ከሆነ ቀጥኖ ይጠፋል። እስከዚያ አፍ ይዘጋል። እሷ ስልክ አነሳች።

«አገኘሁልህ!»

«እውነትሽን ነው እታለም?» አለ ወንድሟ። «በይ፣ በዚሁ እግሬ ቤትሽ እመጣለሁ!»

እታለም ብሏት አያውቅም፣ ከኩርፊያው ወዲህ። በዚያው ቀን ሁለተኛ ወንበር ገዛች።

ረቡዕ አዲሱን ሳህን ስትከፍት ምንጣፉ ድፍን ነው፤ መርፌ የምታሾልክ ቀዳዳ የለችበትም። ጥፋቱ የተገኘው ከመቅጃ ጠርሙሷ ነው። ሽታው ላይ ስለምናላግጥ በበረኪና ዘፍዝፋው ኖሮ፣ በደንብ ሳታለቀልቅ ቀድታበታለች። ባክቴሪያውን የፈጀው በረኪናው ነበር።

«ይኼማ የጀማሪ ጣጣ ነው» አልኳት፣ ላስቃት ብዬ። ቀና ብላም አላየችኝ።

ለወንድሟ ደወለች። «ቫይረስ አይደለም። ተሳስቻለሁ።»

«ለሰፈሩ ሁሉ አውርቼ?» አለ። «መጀመሪያውኑ ዝም ብትዪኝ ምን ነበረበት?» ብሎ ዘጋባት።

ሐሙስ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ደጅ ተቀመጠች። አብሬሽ ልሂድ አላልኳትም። ወሬውን ያገኘሁት እዚያ ነርስ ከሆነችው የአክስቴ ልጅ ነው። «የታካሚው ቤተሰብ ማነው?» ብላ ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ያለችው እሷ ብቻ ነበረች አሉ።

«እህቱ ነኝ።»

ወንድሟ ሲነቃ አያትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሷም ተነስታ፣ ወንበሯን በአልጋውና በግድግዳው መሐል አስገብታ ተቀመጠች። ዓይኑን ጨፈነባት። አልተነሳችም።