ያልተቆጠሩት እናቶች

የተያዝኩት አውቶቡስ ተራ፣ «መሬት ላራሹ» የሚል ወረቀት ስበትን ነው። ወረቀቱን ጥዬ ሮጥኩ፤ የባዮሎጂ ደብተሬን ግን አልጣልኩም፣ ፈተና ነበረብኝ። ሞኝነቴን ተመልከቱ። የከተቱኝ እህል በረንዳ ጀርባ ባለ የድሮ መጋዘን ውስጥ ነው። ቀን ቀን ቆርቆሮው ይግላል፣ የሽንቱ ባልዲ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ጥጋ ጥጉ ላይ ነቀዝ የበላው ስንዴና ሽምብራ ተበትኖ ነበር።

ደብተሩ ላይ የሳልኳቸው ጥንድ ጥንድ ክሮች መርማሪዎቹን እንቅልፍ ነሷቸው። የሚስጥር ጽሕፈት ነው አሉ። የሰው ዘር አከፋፈል ነው ብል ውስጥ እግሬን ገልብጠው ገረፉኝ።

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ገራፊዬ ሃምሳ አለቃ ብቻውን ገባና ሳጥን ላይ ተቀመጠ።

«ስለ ዘር ታውቃለህ አሉ።»

«ትንሽ።»

«እኔ ጠይም ነኝ፤ ሚስቴም ጠይም ናት። የወለደችው ግን ቀይ ነው። ሰባት ቤት ቆጠርኩ፤ ቀይ ነበር የተባለ አንድ የለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። የኔ እንዳልሆነ ጻፍልኝ፣ ለሽማግሌዎች አሳያለሁ። እኔም ደብተሩ ንጹሕ ነው እላለሁ፤ ነገ ትወጣለህ።»

መውጣት ፈልጌ ነበር። የቆሰለው እግሬ እንኳ ወደ በሩ ይስበኝ ነበር። ግን ከወለሉ ስንዴና ሽምብራ ለቅሜ ጥንድ ጥንድ አድርጌ ደረደርኩለት።

«ስንዴው ከአባትዎ፣ ሽምብራው ከእናትዎ የመጣ የዘር ክር ነው እንበል። ዘርዎ ሲዘጋጅ ጥንዶቹ መጀመሪያ ቁራጭ ይለዋወጣሉ፤ ከዚያ ይለያዩና ግማሹ ብቻ ለልጅ ይሄዳል። የትኛው ግማሽ እንደሚሄድ ማንም አያዝም። ከሚስትዎም እንዲሁ ግማሽ ይመጣል። ሁለቱ ሲገናኙ ከዚያ በፊት ያልነበረ ሰው ይወለዳል። የአንድ እናትና አባት ልጆች የማይመሳሰሉት ለዚህ ነው።»

«እና ቀዩ ከየት መጣ?»

«ሰባት ቤት የቆጠሩት አባቶችን ብቻ ነው። የአያትዎ እናት መልካቸው ምን ይመስል ነበር?»

ፊቱ ለአፍታ የልጅ ፊት ሆነ።

«ስሟንም አላውቅም» አለ፤ ወዲያው ግን ተነሣ። «ሴት አትቆጠርም! ጻፍ!»

«መልኩ ብቻ አይመሰክርም። ልጁ የእርስዎ ሊሆን ይችላል።»

ጥራጥሬውን በጫማው ረገጠውና በአለንጋ ይገርፈኝ ጀመር። በየመሐሉ «ጻፍ» ይላል፤ እኔም ያንኑ እመልሳለሁ። ጀግንነት አልነበረም፤ እያለቀስኩ ነበር የምመልሰው።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ ፈገግ አለ።

«አባረርኳት። አራስ ናት፤ ዝናቡም አላባራም ነበር። ያንተ ወረቀት አላስፈለገኝም።»

ግድግዳውን ይዤ በዚያ በተገረፈ እግሬ ቆምኩ። ተኝቼ ልነግረው አልፈለግኩም።

«ሊሆን ይችላል፣ ሃምሳ አለቃ» አልኩት።

ያን ቀን አልመታኝም።

ኋላ ተፈትቼ፣ አስተማሪ ሆኜ ይህንኑ ትምህርት እስከ ጡረታዬ አስተማርኩ። ጥንዶቹን ሰሌዳ ላይ ስስል ተማሪዎቼ ነገሩን ይወዱት ነበር። እውነቱን ተናግረሃል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ዝናብ ሲጥል ግን መጽናናቱ እምቢ ይለኛል። ያቺ አራስ ልጇን ታቅፋ ደጅ ቆማ ነበር፤ የኔ ትክክለኛ መልስ አላስጠለላትም።