ሳይቀበር ያስቀረሁት ሰውዬ

ልጅ እያለሁ ፍራንክፈርት፣ ጋሉስ ሰፈር ውስጥ አውስትራሊያን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከፈለጋችሁ አውስትራሊያውያንንም ጨምሩበት። ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ የረገጥኩት ፒዛ ላደርስ ብቻ ነው፤ ግን ስለዚያ አገር በረሃ፣ ስለ ወርቅ ቆፋሪዎቹ፣ ከእንግሊዝ በመርከብ ተጭነው ስለተጣሉት እስረኞች ጠይቁኝና እስኪሰለቻችሁ አወራላችኋለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ያስተማረኝ ፍርሃት ነው።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባዬ ዚንድሊንገን ያለው የኬሚካል ፋብሪካ ውስጥ ጋን ሲያጥብ ውሎ ሲመጣ ጃኬቱ የተቃጠለ ጎማ ከሳሙና ጋር የተቀላቀለ ይመስል ይሸት ነበር፤ እማዬ በረንዳ ላይ ሳይሰቅለው አታስገባውም። የመኖሪያ ወረቀታችን በየሦስት ወሩ ነበር የሚታደሰው። የዚያ ዘመን ልጆች ታስታውሳላችሁ፤ ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል ቤት ውስጥ የሚስቅ ሰው የለም፣ በር ሲንኳኳ ሁሉም ይተያያል። አንድ ቀን ሜልቦርን የገባ የድሮ ጓደኛው ለአባዬ ደብዳቤ ጻፈለት። አውስትራሊያ ስደተኛ ትቀበላለች፣ ቤተሰብህን ይዘህ አመልክት ይላል። አባዬ ፎርሙን አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ባልም ሚስትም መፈረም አለባቸው። ቴርሚናችን፣ ፎርሙን የምናስገባበት የቢሮ ቀጠሮ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ማክሰኞ ነው።

እማዬ ፎርሙን በጣቷ እንኳ አልነካችውም። "መጀመሪያ ምን ዓይነት አገር እንደሆነ ልወቅ" አለችና ወደ እኔ ዞረች። "አንተ ጀርመንኛ ታነባለህ። መጽሐፍ አምጣና አንብብልኝ።"

ሥልጣን የያዝኩት በዚያች ቀን ነው። አባዬ እንግሊዝኛ ቢያውቅም ጀርመንኛው ከፋብሪካው በር አይወጣም። እማዬ ዳዊቷን በቃሏ ትወጣዋለች እንጂ የፈረንጅ ፊደል አትለይም። ከቢብሊዮቴክ ስለ አውስትራሊያ ያለውን ሁሉ ተሸክሜ መጣሁ፤ ብቻዋን በግ ስላረባች ሴትዮ፣ ዕንቁ ፍለጋ ባሕር ስለሚጠልቁ ሰዎች፣ ግመል ይዘው በረሃ ስለገቡ አሳሾች። ሁሉም እውነተኛ ታሪክ ነው። እርጥብ ካርቶን እርጥብ ካርቶን የሚሉ አሮጌ መጻሕፍት ነበሩ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታችን ሰው ይሞላል። እኔ መሃል እቀመጣለሁ፣ አንዱን አንቀጽ በልቤ አነባለሁ፣ ከዚያ ቀና ብዬ በአማርኛ አወርደዋለሁ። ትልልቅ ሰዎች ድርሳን እንደሚነበብላቸው ጸጥ ብለው ያዳምጡኛል። እማዬ "መጽሐፍ አይዋሽም" ትላለች፤ አንባቢው ሊዋሽ ይችላል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

እኔ ደግሞ መሄድ አልፈለግኩም። አማርኛዬን ሳልጨርስ ካርቱም ገብቼ አረብኛ ተማርኩ፣ አረብኛው ሲጥመኝ ፍራንክፈርት መጣሁ። አሁን ጀርመንኛ ይዤ፣ የግቢያችን ቡድን በረኛ ሆኜ፣ የሰፈሩን ብይ ሁሉ በልቼ ስጨርስ፣ እንደገና ከዜሮ? በረኛነቴን ደግሞ ለማን አስረክቤ? እንደ እኔ የሚወረወር አልነበረም፣ አልዋሽም።

በመጀመሪያው እሁድ እማዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። "እዚያ አገር ሰው ሲሞት ማን ይቀብረዋል? እሱን ፈልግልኝ።" አገር ስትመርጥ ቀባሪህን ቁጠር የሚል የራሷ አባባል ነበራት። ካርቱም ላይ ታናሽ እህቷ ስትሞት ቀባሪ ጠፍቶ መንገደኛ መለመናቸውን አውቃለሁ። አውቄ ነው ያደረግኩት።

የበረሃውን መጽሐፍ ገለጥኩ። ግመሎቹ አልቀዋል፣ ውኃ የለም፣ የቡድኑ መሪ ከአንድ ዛፍ ሥር ወድቋል። ቀጥሎ መጽሐፉ የሚለው እንዲህ ነው፤ የቀሩት ሁለት ጓደኞቹ በቢላና በቆርቆሮ ሳህን መሬቱን ቆፍረው ቀበሩት፣ ጸሎት አደረሱለት፣ ስሙን ዛፉ ላይ ቀረጹለት። እኔ ቀና ብዬ፣ "ጥለውት ሄዱ" አልኩ። "ማንም አልቀበረውም። እንደተጋደመ ቀረ።"

"ጅብስ?" አለች አንዲት ጎረቤታችን።

"ጅብ የለም። የዱር ውሻ ነው ያለው።"

እሱ እንኳ እውነት ነበር። እማዬ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። "በቃ። እዚያ ወረቀት ላይ የእኔን ስም አትፈልጉ" አለች። አባዬ ተነስቶ በረንዳ ወጣ። በመስታወቱ በኩል ጀርባውን አየሁት፤ ጃኬቱን ይዞ ቆሟል፣ አይለብሰውም፣ አይሰቅለውም። ለአሥር ደቂቃ ያህል ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው እሁድ ጋሽ ታደሰ መጡ። በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥተው የቀሩ መሐንዲስ ናቸው፤ ጀርመንኛቸው ጀርመኖችን ያሳፍራል። እማዬ ታሪኩን ከነገረቻቸው በኋላ፣ "እስቲ መጽሐፉን አምጣው" አሉኝ። አመጣሁ። መነጽራቸውን በመሐረብ ጠርገው ገጹን ይፈልጉ ጀመር። እኔ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ጣታቸውን ነው የማየው። ጣታቸው መስመሩን ተከትሎ ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ። እንደገና ወደ ላይ ተመለሰ።

መጽሐፉን ዘግተው በጀርመንኛ፣ ለእኔ ብቻ፣ እንደ ቀልድ ፈገግ እያሉ ተናገሩኝ። "እኔ አፌን አልከፍትም። አባትህ ግን ማክሰኞ 'ትተነዋል' ሊል ነው የሚሄደው። ከዚያ በኋላ እውነቱ ለማንም አይጠቅምም።" ከዚያ በአማርኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ "ልጁ ጎበዝ አንባቢ ነው" አሉ። እማዬ ኮራች። በዕድሜዬ ብዙ ተመስግኛለሁ፣ ይገባኛልም፤ እንደዚያ ያመመኝ ምስጋና ግን የለም።

ሰኞን እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም። አራት ጎል ገባብኝ። ማክሰኞ፣ ቀጠሮው በሁለቱም ስም ስለነበር እማዬም አባዬም ሲሄዱ፣ ከትምህርት ቤት ቀርቼ ላስተረጉምላቸው አብሬያቸው ወጣሁ። ትራሙ ውስጥ አባዬ ራቅ ብሎ ብረቱን ይዞ ቆሟል፤ ፎርሙ በደረት ኪሱ ውስጥ ነው፣ ባዶውን። እኔ እማዬ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ሦስት ፌርማታ ቀረን። ሁለት ቀረን።

"እማዬ፣ ሰውዬው ተቀብሯል።"

"የቱ ሰውዬ?"

"የበረሃው። ጓደኞቹ ቀብረውታል። እኔ ነኝ ያልቀበርኩት።"

አልጮኸችም። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣ "ስንት ነበሩ?" አለችኝ።

"ሁለት።"

"ጸሎት አደረሱለት?"

"አደረሱለት። ስሙንም ዛፍ ላይ ጻፉለት።"

እጇ በካፖርቷ ሥር መጥቶ ጭኔን ቆነጠጠኝ፤ ቆንጥጦም አልለቀቀኝም፣ ትራሙ እስኪቆም ድረስ። እንባዬ እየወረደ ድምፅ አላወጣሁም። ልንወርድ ስንል፣ "ሁለት ሰው ካለ ይበቃል" አለች። ቢሮው ውስጥ ፎርሙን ከአባዬ ኪስ ራሷ አወጣችውና በአማርኛ ፊደል፣ ቀስ ብላ፣ ስሟን ሙሉውን ጻፈች። አባዬ እስክሪብቶዋን ሳይሆን ፊቷን ነበር የሚያየው።

መልሱ የመጣው ከወራት በኋላ ነው፣ በጀርመንኛ። ያንንም ያነበብኩት እኔ ነኝ። አልተቀበሉንም፤ ምክንያት አልጻፉም። በቁሙ፣ ምንም ሳልጨምርና ሳልቀንስ አነበብኩት። አባዬ ሲሰማ ቆየና፣ "እስቲ እንደገና አንብበው" አለኝ። እንደገና አነበብኩት። "እርግጠኛ ነህ?" አለኝ። እዚህ አገር ከመጣን እንደዚያ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። የፈለግኩትን አገኘሁ፤ በረኛ ሆኜ ቀረሁ። ጓንቴን አንስቼ ግን ለሳምንት ያህል ግቢ አልወረድኩም።

ወረቀታችን ከዓመታት በኋላ ተስተካከለ። አባዬ ከዚያው ፋብሪካ ጡረታ ወጣ፣ እዚሁ ፍራንክፈርት አረፈ። የቀብሩ ቀን ጸሎት ቤቱ ሞልቶ ሰው ዝናብ ላይ ቆሞ ነበር፤ እማዬ በለቅሶዋ መሃል ዞር ዞር እያለች ስትቆጥራቸው አይቻለሁ።

አሁን እማዬ ኖርድቬስትሽታት ሰፈር፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ስለ አውስትራሊያ የተጻፈ መጽሐፍ ይዤላት እሄዳለሁ፤ እንግሊዝኛውንም በራሴ ስለተማርኩ ምርጫው ሰፍቶልኛል። ልጆቼ ከሶፋው ላይ በጀርመንኛ ይስቁብኛል፤ የምናገረውን ሁሉ ስልካቸው ላይ ያጣራሉ። ያኔ ስዋሽ ሙሉ ሳሎን ያምነኝ ነበር፣ ዛሬ እውነት ሳወራ የሚያምነኝ የለም። ከእማዬ በቀር፤ እሷም ብታምነኝ ነው። ያኔ የተቀበረውን ሰው አውጥቼ በረሃ ላይ ጣልኩት፤ አሁን ደግሞ በዚያ አገር ታሪክ ውስጥ ጠፍቶ የቀረውን ሁሉ ስቀብር እውላለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ስለ አንድ ወርቅ ፈላጊ እያነበብኩላት ነበር። ሰውዬው ሞተ። እማዬ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ "ስንት ሆነው ቀበሩት?" አለች።

"አምስት።"

"ያለፈውን አራት ናቸው ብለኸኝ ነበር።"

"ይሄኛው ሰው ይወደው ነበር፣ እማዬ።"

"ጥሩ። ቀጥል።"

መጽሐፉ የሚለው፣ አስከሬኑ አልተገኘም ነው። ገጹን ገለጥኩ።